ስትሮክ ከመታ በኋላ ግማሹ እይታ ሲጠፋ፦ መነፅር ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ውስጥ የምታደርጉት

እናቴን ስትሮክ የመታት ጊዜ እኛ የሰራነውን ስህተት አሁን የማገኛቸው ቤተሰቦች ሁሉ እየደገሙት ስለሆነ ነው ይሄን የምፅፈው። እማዬ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ "ግራ ዓይኔ አያይም" አለች፣ እኛም ይዘናት አንድ መነፅር ቤት ሄድን፣ ተለካች፣ ተከፈለ፣ ቤት ስንገባ ያው የበሩን መቃን በግራ ትከሻዋ ገጨችው። ሌላ መነፅር አሰራን። እሱንም አድርጋ የቡና ሲኒ በግራ እጇ በኩል ደፋች። በኋላ ነው የገባን፣ ዓይኗ ደህና ነው፣ ዓይኗ ያመጣውን የሚቀበለው የጭንቅላት ክፍል ነው ደም አጥቶ የተጎዳው፣ እና እሱን የትኛውም ሌንስ አይመልሰውም።

ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ የእይታ ችግር አንድ አይነት አይደለም። መፍትሄውም እንደዛው፣ ለአንዱ የሚሰራው ሌላውን ያባብሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ መለየት አለባችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፣ በተለይ ደረጃ 1ን።

ከሁሉም በፊት፦ ዛሬ የጀመረ ከሆነ ማንበብ አቁሙ

እይታ በድንገት ከጠፋ፣ ግማሹ ከጨለመ፣ አንዱ ዓይን ላይ መጋረጃ የወረደ ከመሰለ፣ ወይ አንድ ነገር በድንገት ሁለት ሆኖ ከታየ እሱ ራሱ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ፊት ካልተጣመመ ስትሮክ አይደለም የሚባለው ውሸት ነው። አስር ደቂቃ ቆይቶ ቢለቅም ያው ነው፣ "ተሻለኝ" ብሎ መተኛት የለም።

- መጨረሻ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ፃፉ። በደም መርጋት የመጣ ስትሮክን የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፣ ለዛውም ሲቲ ስካን ከተነሳ በኋላ። ተኝቶ ሲነሳ ከሆነ ያገኘው፣ የሚቆጠረው ከተኛበት ሰዓት ነው።
- 907 ወይም 939 ደውሉ። አምቡላንስ የሚዘገይ ከመሰላችሁ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ፣ ግን ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ይሁን። ሌላ ቦታ ሄዳችሁ በሪፈር ስትንከራተቱ ሰዓቱ ያልቃል።
- አስፕሪን አትስጡ። ስትሮኩ ደም የፈሰሰበት አይነት ከሆነ ታባብሱበታላችሁ፣ በዓይን አይቶ የሚለየው ደግሞ ማንም የለም።
- ምግብም ውሃም አትስጡ፣ መዋጥ ላይችል ይችላል። "ግፊቱ ከፍ ብሏል" ብላችሁም የግፊት መድሃኒት ደርባችሁ አትስጡት።

ይሄ የእናንተ ጉዳይ ካልሆነና ስትሮኩ ታክሞ ቤት ከገባችሁ ቀጥሉ።

መዘጋጃ

ብዙ ነገር አይፈልግም፦ ነጭ ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ማስመሪያ፣ ቀይ ፕላስተር (የኤሌክትሪክ ሰራተኞች የሚጠቀሙበት ቀይ ቴፕ በጣም ጥሩ ነው)፣ ስኮች፣ ያረጀ ጋዜጣ፣ ሰፌድና ምስር። አዎ ምስር፣ እደርስበታለሁ።

ሰዓት ምረጡ። ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ እንጂ ማታ ሲደክመው አትሞክሩ፣ ስትሮክ የመታው ጭንቅላት ቶሎ ይደክማል፣ የደከመ ሰው ፈትሻችሁ የምታገኙት ውጤት ውሸት ነው። ቴሌቪዥኑን ዝጉ። ጠያቂ የሞላበት ሳሎን ውስጥም አይሆንም፣ አንዷ ጎረቤት "ኧረ ተዉት ታዩታላችሁ ይሻለዋል" እያለች፣ ሌላው መልሱን እየነገረው። ቀድሞም መነፅር የሚያደርግ ሰው ከሆነ የድሮውን መነፅር አድርጉለት።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ሦስት ፍተሻ

ፍተሻ ሀ፣ በጣት

1. ፊት ለፊት ተቀመጡ፣ መሀላችሁ አንድ ሜትር ገደማ ይሁን። ዓይናችሁ ከዓይኑ እኩል ከፍታ ላይ ይዋል፣ እሱ ተኝቶ እናንተ ቆማችሁ አይሰራም።
2. ቀኝ ዓይኑን በመዳፉ ይሸፍን፣ ሳይጫነው። እጁ ካልታዘዘለት ሌላ ሰው ይሸፍንለት። እናንተ ደግሞ ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ።
3. "አፍንጫዬን ብቻ ይዩ፣ እጄን አይዩ" በሉት።
4. እጃችሁን በእናንተና በሱ መሀል ላይ ወደ ጎን ዘርግታችሁ አንድ ወይ ሁለት ጣት አሳዩና "ስንት ነው?" በሉ። ግራ ላይ፣ ግራ ታች፣ ቀኝ ላይ፣ ቀኝ ታች፣ አራቱንም ማዕዘን። ጣታችሁ ለራሳችሁም የማይታያችሁ ከሆነ አብዝታችሁ አርቃችኋል።
5. ዓይን ቀይራችሁ ድገሙ፣ እናንተም የጨፈናችሁትን ቀይሩ።
6. አሁን ሁለቱም ዓይኖች ክፍት ይሁኑ። ሁለት እጃችሁን በሁለት ጎን ያዙና መጀመሪያ የአንዱን እጅ ጣት ብቻ አንቀሳቅሱ፣ ከዛ የሌላኛውን፣ ከዛ ሁለቱንም አንድ ላይ። "የትኛው ተንቀሳቀሰ?"

የሚበላሸው የት ነው? ተራ ቁጥር 3 ላይ። ሰው ሁሉ እጅ ያያል፣ ተፈጥሮ ነው። አፍንጫችሁ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጥፉ፣ መሳቅ ካለበት ይሳቅ፣ እና ዓይኑን የሚጠብቅ ሁለተኛ ሰው ከጀርባችሁ ይቁም። ዓይኑ ከሄደ ያ ሙከራ አይቆጠርም፣ ድገሙት። መናገር የተቸገረ ሰው ከሆነ ደግሞ (የሰውነት ቀኝ ጎን ሲመታ ንግግር አብሮ መሄዱ የተለመደ ነው) በራሱ ጣት ያሳያችሁ፣ ወይም ጭንቅላቱን ይነቅንቅ። መልስ ስላልሰጠ አላየም ማለት አይደለም።

ፍተሻ ለ፣ በወረቀት

ወረቀቱን በቀጥታ ከደረቱ ፊት አስቀምጡ፣ ወደ ደህናው ጎን አታዘንብሉት።

1. ክብ ስሉለትና የሰዓት ቁጥሮቹን እንዲሞላ ጠይቁ። 12ቱንም ቁጥር ቀኙ ላይ ከጠቀጠቀ ወይም ከ7 እስከ 11 ያለውን ጭራሽ ከተወው ምልክት ነው። (በሀበሻ ይቁጠር በፈረንጅ፣ ሰዓቱ ላይ ያለው ቁጥር ያው ነው።)
2. 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር አስምሩና መሀሉ ላይ ምልክት ያድርግ። ምልክቱ በደንብ ወደ ቀኝ ከሸሸ ፃፉት።
3. ከጋዜጣው አንድ ሰፋ ያለ ፅሁፍ ስጡትና "የ"ን ባየበት ሁሉ ያክብበው። የዘለላቸው ሁሉ አንድ ጎን ላይ ከሆኑ ምልክት ነው፣ ተበታትነው ከሆኑ ድካም ይሆናል።

ፍተሻ ሐ፣ ሁለት ሆኖ መታየት

"አንዱ ነገር ሁለት ይሆንብዎታል?" ብላችሁ በቀጥታ ጠይቁ፣ ብዙ ሰው "ብዥ ይልብኛል" ነው የሚለው። አዎ ካለ አንዱን ዓይን ሸፍኑ፣ ከዛ ሌላኛውን። የትኛውም ቢሸፈን ሁለትነቱ የሚጠፋ ከሆነ ዓይኖቹ አብረው አልሄዱም፣ የሚያንቀሳቅሷቸው ነርቮች ጋር ነው ችግሩ። አንድ ዓይን ብቻ ተከፍቶም ሁለት ከሆነበት አብዛኛውን ጊዜ የዓይኑ የራሱ ጣጣ ነው፣ ሞራ ምናምን፣ የዓይን ሐኪም ይየው።

ደረጃ 2፦ ውጤቱን አንብቡ

በሁለቱም ዓይን የጠፋው አንድ አይነት ጎን ከሆነ፣ ማለትም በቀኝ ዓይኑም በግራ ዓይኑም ሲያይ ግራው በኩል የለም፣ የጎን እይታ ነው የጠፋው። ሐኪሞቹ ሄሚያኖፒያ ይሉታል። እማዬ "ግራ ዓይኔ" ያለችው ይሄን ነው፣ ሰው ሁሉ እንደዛ ነው የሚለው፣ ግን ቀኝ ዓይኗን ብቻ ከፍታም ግራው አልነበረም። የግራ እይታ ከጠፋ የተጎዳው የጭንቅላቱ ቀኝ ነው፣ የቀኙ ከጠፋ ግራው።

አንድ ዓይን ብቻ ከሆነ የማያየው፣ ሌላው ሙሉ ከሆነ፣ ዓይኑ ወይም የዓይኑ ደም ስር ነው፣ ቶሎ የዓይን ሐኪም ዘንድ።

ለየብቻ ሲሆን ሁለቱንም ጎን የሚያይ፣ ሁለቱ እጆች አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ግን አንዱን የሚያጣ፣ ሰዓቱን ግማሽ የሚስል፣ ፀጉሯን በቀኝ በኩል ብቻ የምታበጥር፣ ነጠላዋ በግራ ወርዶ የማታውቅ፣ የራሷን ግራ እጅ የረሳች፣ ይሄ ሌላ ነው። እይታው ሳይሆን ልብ ማለቱ ነው የጠፋው። ኔግሌክት ይባላል፣ አብዛኛውን ጊዜ የጭንቅላቱ ቀኝ ሲመታ ነው የሚመጣው፣ እና የሚረሳው ግራው ነው።

ለመለየት የሚቀልለው ምን መሰላችሁ፣ የጎን እይታ የጠፋበት ሰው ያማርራል፣ ይናደዳል፣ አንገቱን ያዞራል። ኔግሌክት ያለበት ሰው ምንም አልጎደለኝም ነው የሚላችሁ፣ ከልቡ ነው ደሞ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሊደረቡም ይችላሉ፣ እማዬ ሁለቱም ነበረባት። "ግትር ሆነች፣ ስትጠሯት ዞራ አታይም፣ ኩራት ነው" ያለ ዘመድ አልጠፋም። ከመፍረዳችሁ በፊት ከየትኛው ጎን እንደጠራችኋት አስቡ።

ደረጃ 3፦ ሐኪም ጋር ይዛችሁ የምትሄዱት

የዓይን ሐኪምም የነርቭ ሐኪምም ያስፈልጋል። በመንግስት በኩል ከሆናችሁ ከጤና ጣቢያ ሪፈር አፅፉ፤ ጥቁር አንበሳ የነርቭ ክፍል አለው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ደግሞ በዓይን ህክምናው የሚታወቅ ነው። ቀጠሮ ሊረዝም ስለሚችል ከሆስፒታል በወጣችሁ ሳምንት ጀምሩት።

1. የሆስፒታል መውጫ ወረቀቱንና የሲቲ ወይም የኤምአርአይ ፊልሙን ያዙ።
2. ደረጃ 1 ላይ የፃፋችሁትንና የሳለውን ሰዓት ያዙ። እመኑኝ፣ ያ በግማሽ የተሳለ ሰዓት ከአስር ደቂቃ ማስረዳት በላይ ይናገራል።
3. የዓይን ሐኪሙ ጋር "ብዥ ይልበታል" ብላችሁ አትጀምሩ፣ መነፅር ይታዘዝላችሁና ትወጣላችሁ። "ስትሮክ መቶታል፣ በሁለቱም ዓይን ግራው ጎን አይታየውም፣ የጎን እይታ ምርመራ እንፈልጋለን" በሉ። ጎድጓዳ ማሽን ውስጥ እያዩ መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ቁልፍ መጫን ነው ምርመራው። የሚያደክም ስለሆነ ጠዋት አስይዙ።
4. ፊዚዮቴራፒ ያለው ሰው ከሆነ ለፊዚዮቴራፒስቱ ንገሩ። የማያየውን ጎን ሳያውቅ የሚያስተምረው እርምጃ መውደቅ ያመጣል።

መቼ ይመለሳል ለሚለው፣ የጠፋ የጎን እይታ የሚመለስ ከሆነ አብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ነው፣ ከስድስት ወር በኋላ በራሱ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ዓይንን አዙሮ የማካካስ ልምምድ ግን ከዛም በኋላ ይሰራል፣ ስለዚህ ቀኑ አለፈ ብላችሁ አትተዉ። ፀበል የምትወስዱ ውሰዱ፣ እኛም ወስደናል፣ የግፊትና የደም ማቅጠኛ ኪኒኑ ግን አንድ ቀን እንዳይቋረጥ። ሁለተኛው ስትሮክ የቀረችውንም እይታ ሊወስድ ይችላል።

ደረጃ 4፦ ቤቱን አስተካክሉ

ከዚህ በኋላ የምሰጠው ምሳሌ ግራው ለጠፋበት ሰው ነው። ቀኙ ከሆነ ገልብጡት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለደህንነቱ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ውሃ፣ ስልክ፣ መጥሪያ ደወል፣ ሽንት መሽኛ፣ በደህናው በቀኝ በኩል ይሁን። ብዙ ቦታ "ሁሉንም በጠፋው በኩል አስቀምጡ እንዲለምድ" ሲባል ሰምቻለሁ፣ ውሃ ጠምቶት ጠርሙሱ ግራው ላይ ቆሞ የሚያድር ሰው ምንም አይለምድም። ሲረጋጋ ነው ቀስ በቀስ ወደ ግራ የምታዞሩት፣ መጀመሪያ አስቸኳይ ያልሆነውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ጋዜጣውን፣ የጠያቂ ወንበሩን።

- የበር መቃኖችን ግራ ጠርዝ ላይ በትከሻ ከፍታ ቀይ ቴፕ ለጥፉ። የኮንዶሚኒየም ደረጃ ከሆነ የእያንዳንዱ ደረጃ አፍ ላይም።
- ምንጣፍ አንሱ፣ ዱካ፣ ጫማ፣ የቻርጀር ገመድ መተላለፊያ ላይ አይዋል። ደፍ ያለው በር ካለ ደፉን ቀይ ቀቡት።
- የከሰል ምድጃና ጀበና በጭራሽ በጠፋው ጎን አይቀመጡ። ቡና እየተፈላ ከሆነ እሱ የሚቀመጠው ምድጃው በቀኙ በኩል እንዲታየው ሆኖ ነው። ኔግሌክት ያለበት ሰው እጁ እሳት ላይ አርፎ ላይሰማው ይችላል፣ ይሄን ሁለቴ አንብቡት።
- ስትቀርቡት ከጠፋው ጎን ድንገት አትንኩት። መጀመሪያ ስሙን ጥሩ፣ "እማዬ፣ በግራሽ ነኝ" በሉ፣ ዞራ እስክታያችሁ ጠብቁ፣ ከዛ ቅረቡ። ጉርሻም እንደዛው፣ ከማይታየው ጎን የመጣ ጉርሻ አስደንግጦ ትን ያስብላል።

ገበታው ላይ። አብሮ ሲበላ ከፊቱ ያለውን ግማሽ በልቶ "ጠገብኩ" ይላል፣ ወይ "ወጥ የለውም እንዴ?" ይላል፣ ወጡ ግራው ላይ ተቀምጦ። ለብቻው በትንሽ ትሪ አቅርቡለት፣ የትሪው ግራ ጠርዝ ላይ ቀይ ፕላስተር ይለጠፍ፣ እና መሀል ላይ ሲደርስ "ቀዩን ፈልግ" በሉት። ትሪውን ራሳችሁ አታዙሩለት። ካዞራችሁለት እሱ መዞር አይማርም። ኪሎ የቀነሰ ሰው ካላችሁና የምግብ ፍላጎት ጠፋ ብላችሁ ከሆነ፣ መጀመሪያ ትሪው ላይ የተረፈው የት ጎን እንደሆነ እዩ።

ደረጃ 5፦ ዓይን ማዞር ማስተማር

ይሄ ነው ዋናው ስራ። የጠፋውን ጎን መመለስ ሳይሆን፣ ዓይኑንና አንገቱን ወደዛ ጎን መውሰድ ልማድ እንዲሆን ነው። በቀን ሁለቴ ሦስቴ፣ አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ግማሽ ሰዓት አድርጋችሁ ብታለቅሱም አይጨምርም።

1. በቀይ ምልክት ጀምሩ። ጠረጴዛው ግራ ጫፍ ላይ ቀይ ቴፕ ለጥፉ። ማንኛውም ስራ ከመጀመሩ በፊት "ቀዩን አገኘህ?" ይጠየቃል። ካላገኘ ስራው አይጀመርም።
2. ሲኒ ቆጠራ። ረከቦቱ ላይ ስድስት ባዶ ሲኒ ከግራ ወደ ቀኝ ደርድሩ። ይቁጠር። አራት ካለ "አራት አይደለም" አትበሉ፣ "ከቀዩ ጀምረህ ድገመው" በሉ። በየቀኑ ቁጥሩን ቀይሩ፣ ስድስት መሆኑን ካወቀ ሳያይ ስድስት ይላችኋል፣ እማዬ ለሦስት ቀን አታላናለች።
3. ምስር መልቀም። የሰፌዱን ግራ ጠርዝ በቀይ ጨርቅ እሰሩት፣ አንድ ሁለት እፍኝ ምስር ዘርጉ፣ አስር ጥቁር ባቄላ ቁጠሩና ከመሀሉ ደባልቁ፣ አብዛኛውን ግራው ላይ። አስሩን ይልቀም። ከቀዩ ጠርዝ ይጀምር፣ ረድፍ በረድፍ ወደ ቀኝ። ስንት እንዳገኘና ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ፃፉ። ሆስፒታል የሚሰጠው የወረቀት ልምምድ ለእማዬ እንደ ፈተና ነበር፣ ሁለት ደቂቃ አትቆይበትም፣ ምስር ግን ዕድሜዋን ሙሉ የለቀመችው ነው፣ ሳትጠየቅ ታነሳዋለች።
4. ክፍል ፍለጋ። በር ላይ ቁሙና "በግራ በኩል ያሉ አምስት ነገሮች ንገረኝ" በሉ። ይሄ ሲለምድ እየተራመደ።

የማይሰራ ከመሰላችሁ። ዓይኑን ሳይሆን ወንበሩን ነው የሚያዞረው? ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ሁለት እግሩ መሬት ነክቶ። ቀዩን ጭራሽ አያገኘውም? ግራው ጫፍ ሩቅ ነው ማለት ነው፣ ቴፑን ወደ መሀል አምጡና በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ አንድ ጣት ወደ ግራ ግፉት። "ምንም አልጎደለኝም" ብሎ እምቢ ካለ አትከራከሩ። የተወውን ባቄላ በቀኝ በኩል አምጥታችሁ አሳዩት፣ በቃ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ከተናደደ ዕቃውን አንሱና ነገ ቀጥሉ።

ደረጃ 6፦ ንባብ፣ ብር፣ መድሃኒት

አማርኛ ከግራ ስለሚነበብ ግራው የጠፋበት ሰው የቃሉንና የመስመሩን መጀመሪያ ያጣል። "ሰላም" "ላም" ይሆናል። ቀኙ የጠፋበት ደግሞ መጀመሪያውን ያያል፣ የሚሄድበትን አያይም፣ እየተንቀራፈፈ ፊደል በፊደል ነው የሚያነበው፣ እና ማንበብ የረሳ ይመስላችኋል።

1. ከፅሁፉ በግራ በኩል ከላይ እስከ ታች ወፍራም ቀይ መስመር አስምሩ። እያንዳንዱ መስመር ሲያልቅ ዓይኑ ቀዩ ጋ ተመልሶ ነው የሚቀጥለው። ቀኙ ለጠፋበት ቀዩን በቀኝ አስምሩ፣ መስመሩ እዛ ሳይደርስ አላለቀም።
2. ከሚያነበው መስመር ስር ማስመሪያ ያዙ።
3. አሁንም ካልሆነ ወረቀቱን ትንሽ አዘንብሉት፣ ወይም ስልክ ላይ ፊደሉን አተልቃችሁ አምዱን አጥብቡት።

ቁጥር ከፊደል የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ቃል ሲጎድል ትርጉሙ ይረበሻል፣ ቁጥር ሲጎድል ግን ሌላ ትክክለኛ ቁጥር ይሆናል። 150 ብር 50 ይሆናል። ስልክ ሲደውል የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች ይቀራሉ። መድሃኒት ላይ ደግሞ ጨዋታ የለም፣ ራሱ አንብቦ እንዲወስድ አትተዉት፣ በየቀኑ የተከፋፈለ የኪኒን ሳጥን ግዙ፣ ሌላ ሰው ይሙላው፣ ማታ ባዶ መሆኑን በተለይ ግራ ጫፍ ያለውን እዩ።

መኪና መንዳት? አይነዳም። "ሰፈር ውስጥ ብቻ" የሚባል የለም። የጎን እይታ ምርመራ ተደርጎ ሐኪም እስኪፈቅድ ቁልፉን አስቀምጡት፣ ለሚመጣውም ፀብ ተዘጋጁ።

ደረጃ 7፦ ሁለት ሆኖ ለሚታየው

አንዱን ዓይን መሸፈን ወዲያው ያሳርፋል። በየቀኑ አፈራርቁት፣ ዛሬ ቀኝ ነገ ግራ። መነፅር ካለው ቀላሉ ነገር አንዱ ሌንስ ላይ ስኮች መለጠፍ ነው፣ ብርሃን ያስገባል፣ ምስሉን ግን ያደበዝዘዋል፣ ፊትም አይጨናነቅም። ሲተኛ ይውለቅ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ፦ በአንድ ዓይን ርቀት ስለማይገመት ደረጃ ሲወርድና ትኩስ ነገር ሲቀዳ ሰው ይኑር። ፊቱ ተጣሞ ዓይኑ የማይከደንለት ሰው ካለ ዓይኑ ላይ ጨርቅ ሸፍናችሁ አትተዉት፣ ጨርቁ ዓይኑን ይፍቀዋል፣ ይደርቃል፣ ጠብታ ያስፈልገዋልና ሐኪም ጠይቁ። ሦስተኛ፣ የጎን እይታ ለጠፋበት ሰው ይሄን አታድርጉ፣ የቀረችውንም ትሸፍኑበታላችሁ። ወር ሁለት ወር ቆይቶ ካልለቀቀ የዓይን ሐኪሙን ስለ ፕሪዝም ሌንስ (ብርሃኑን አጥፎ ሁለቱን ምስል የሚያገጥም ሌንስ ነው) ጠይቁት፣ መነፅር ስትሮክ ላይ ከሚጠቅምባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ይሄ ነው። ሁለትነቱ ከከባድ ራስ ምታት ወይም ከዓይን ቆብ መውረድ ጋር አዲስ ከመጣ ግን ወደ መጀመሪያው ክፍል ተመለሱ፣ ድንገተኛ ነው።

ደረጃ 8፦ የሌለ ነገር ሲያይ

ይሄን ሰው አይናገረውም፣ ስለሚያፍር። በጠፋው ጎን ሰዎች፣ ልጆች፣ ድመት፣ አበባ፣ የጥልፍ አይነት መስመር ይታየዋል፣ ድምፅ የላቸውም፣ ትንሽ ቆይተው ይጠፋሉ። እይታ ያጣ ጭንቅላት ባዶውን ቦታ በራሱ ይሞላዋል፣ ቻርልስ ቦኔት ሲንድረም የሚባለው ነው። እብደት አይደለም፣ መንፈስም አይደለም። እማዬ ነጭ የለበሱ ሴቶች ግራዋ ላይ ተቀምጠው አይታ ለሁለት ሳምንት ለማንም አልነገረችም፣ ልንቀብራት የተሰበሰቡ መስሏት።

1. "የማይኖር ነገር ይታይሻል? ብዙ ሰው ላይ ይከሰታል" ብላችሁ እናንተ ጠይቁ።
2. ሲመጣ መብራት አብሩ፣ ዓይኗን ታርገብግብ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ጥቂት ጊዜ ታመላልስ፣ ወይም ትነሳ።
3. ለሐኪሙ ንገሩ።

ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ እውነት ናቸው ብሎ ከተጣላቸው፣ ከተቀባጠረ ወይም ትኩሳት ካለው ይሄ ሲንድረም አይደለም፣ በዚያው ቀን ይታይ።

ደረጃ 9፦ ከቤት መውጣት

ቢያንስ ሁለት ሳምንት ደረጃ 5ን ሳትሰሩ አትውጡ። የመጀመሪያው መውጫ እሁድ ጠዋት ይሁን፣ መንገድ ባዶ ሲሆን።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ግማሽ የማያይ ሰው በሚያውቀው ሰፈር የሚሄደው ግማሹን ከትዝታ እየሞላ ነው። ፒያሳና አራት ኪሎ ደግሞ ከኮሪደር ልማቱ በኋላ ትዝታ የሚረዳበት ቦታ አይደለም፣ ሱቁ የለም፣ መታጠፊያው ተቀይሯል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቶ የብስክሌት መስመር ገብቶበታል፣ ባልነበረበት ቦታ የአበባ መደብና አጭር ምሰሶ ቆሟል። እማዬ በእግሯ ሃምሳ ዓመት የሄደችበት መንገድ ላይ ነው ምሰሶ የመታት። ሰፈሩን እንደ አዲስ አስተምሯት፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ ቆማችሁ፣ "በግራሽ ምን አለ?" እያላችሁ።

1. እናንተ የምትሄዱት በጠፋው ጎን ነው። ከክርናችሁ በላይ እሷ ትያዛችሁ፣ እናንተ አትጎትቷት።
2. መንገድ ስታቋርጡ ሙሉ በሙሉ ቁሙ። እኛ አገር መኪና በቀኝ ስለሚነዳ መጀመሪያ የሚመጣባችሁ ከግራ ነው፣ ማለትም ግራው ለጠፋበት ሰው ከማይታየው ጎን። አገጯ ግራ ትከሻዋን እስኪነካ ታዙር፣ ከዛ ቀኝ፣ ከዛ እንደገና ግራ። ዓይን ማዞር ብቻ አይበቃም።
3. መሀል መንገድ ላይ ሐሳብ አትቀይሩ። ከጀመራችሁ ጨርሱ።
4. ለገሃር፣ ስታዲየም፣ መስቀል አደባባይ አካባቢ የሰው ግፊት ስላለ መጀመሪያ ወር አትውሰዷት። ሰው ገጭቷት ከተናደደች ወይ ከፈራች ለሳምንት አልወጣም ትላለች።
5. ታክሲ ላይ በሩ ቀኝ ነው። ሲገቡ ጭንቅላቷን በእጃችሁ ጋርዱ፣ የበሩ ግራ ጠርዝ ነው የሚመታት። ግራው የጠፋበት ሰው በግራ መስኮቱ በኩል ይቀመጥ፣ የማያየው ጎን ግድግዳ ይሆንለታል፣ ሰው ሁሉ ከሚያየው በኩል ነው የሚመጣው። ቀኙ ለጠፋበት የመጨረሻው ወንበር ቀኝ ጥግ ይሻላል። ሒሳቡን እናንተ ክፈሉ፣ ወይም አስቀድማችሁ የተቆጠረ ዝርዝር ብር ቀኝ ኪሷ አድርጉላት፣ ረዳቱ መልስ ሲሰጥም በቀኝ በኩል ይስጣት።